የእትዬ ጥሩዬ ጎማዎች

አንቺዬ፣ እስቲ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። ስለ ጎማ ነው የማወራሽ። አትሳቂ እንጂ! እኔም ሃይስኩል ስጨርስ ስለ ጎማ የማውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነበር። አሁን ግን አሮጌ መኪና ቆሞ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ጎማውን የማይ ሰው ሆኛለሁ። እማዬ «ኧረ ቀና በይ፣ ሰው ሌባ ይልሻል» ትለኛለች። ትበል። ምክንያት አለኝ፣ ልንገርሽ።

እኔና እማዬ የምንኖረው ሊንውድ ነው፣ ከሲያትል በስተሰሜን። እማዬ ስሟ ወይንሸት ነው፣ ሲያትል ደቡብ ጫፍ፣ ቢከን ሂል፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሶ በየቀኑ ሲያትልን በሀይዌይ ሰንጥቃ ትሄዳለች፣ ሰንጥቃ ትመለሳለች። መኪናችን አሮጌ ካምሪ ናት። እኔ ሳልወለድ ነው የተሠራችው፤ እማዬ ስትናደድብኝ «ታላቅሽን አታይም? አንድ ቀን መልሳልኝ ታውቃለች?» ትለኛለች።

ባለፈው ዊንተር ዝናቡ መንገዱን በላልቶት የለ? አንድ ቀን እማዬ ከሥራ ስትመለስ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባችና የፊት ሪሟ ተጣመመ። ሪም ማለት ጎማው የሚለብሰው ብረት ነው፤ አጎቴ ዮናታን ቸርኬ ይለዋል። የቀሩትም ዝገው አየር መያዝ አቅቷቸው ነበር። ሶ አራቱንም መቀየር ነበረብን።

ይሄኔ ጋሽ ነስሩ ሰሙ። ጋሽ ነስሩ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቅመም፣ ቴምር፣ ምስር፣ ምን የሌለ ነገር አለ? እማዬ እዚህ አገር ስትመጣ ማንም አልነበራትም፤ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ናቸው ቤታቸው ያስቀመጧት። እኔ ስወለድ ሆስፒታል ድረስ ገንፎ ይዘው የመጡት እትዬ ጥሩዬ ናቸው፤ ነርሷ «ይሄ ምንድነው?» ብትላቸው በማንኪያ አቅምሰዋት ሄዱ አሉ። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም፣ ግን እማዬን «ልጃችን» ነው የሚሏት። እትዬ ጥሩዬ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር።

እትዬ ጥሩዬ የሚወዷት አኮርድ ነበረቻቸው። ለበጋ ብቻ የሚያስገጥሙላት የሚያብረቀርቁ ጎማዎች ነበሯት፤ ከነሪማቸው ማለቴ ነው። መኪናዋ አንድ ሰው ከኋላ ገጭቷት ድሮ ተጣለች። ጎማዎቹ ግን ጋሽ ነስሩ ቤት፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በእትዬ ጥሩዬ አንሶላ ተሸፍነው ተቀምጠው ነበር።

እና ጋሽ ነስሩ አንድ እሁድ በሰው መኪና አስጭነው አመጧቸው።

«ወይንዬ» አሏት፣ «እነዚህን ለሌላ ሰው ልስጥ ብል እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ንጂባቸው። በሱቁ በር ስታልፊ ሳያቸው፣ እሷ ያለፈች ይመስለኛል።»

እማዬ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አሁን አንቺ ብትሆኚ፣ በዚህ መሃል «አንድ ጊዜ ይቆዩኝ፣ ልኩን ልይ» ትያለሽ? አትይም። በእኛ ዘንድ የሰጡሽን ነገር ፊታቸው ላይ መለካት ነውር ነው። ሸሚዝ እንኳን ሲሰጡን «ልክክ ይላል» ብለን ተቀብለን አይደል ቤት ሄደን የምንሞክረው?

ጎማዎቹን የገጠመው አጎቴ ዮናታን ነው፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ ስለ መኪና አንድ ሰው አንድ ነገር ከተናገረ «እኔ ሹፌር ነኝ!» ይላል። አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«አጎቴ፣ እነዚህ የአኮርድ አይደሉም እንዴ? ለካምሪ ይሆናሉ?»

«ቀዳዳው ስንት ነው? ቁጠሪ።»

«አምስት።»

«የኛ መኪና ብሎንስ?»

«አምስት።»

«ታዲያ! ለዚህ ነው ዲፕሎማ የሰጡሽ?»

ጎማውን አንስቶ ሰካው። ምንም አልታገለውም። «አየሽ? ገባ! ቅቤ ይመስል ገባ!» ብሎ የኛኑ የድሮ ዳዶዎች፣ ብሎኑ ላይ የሚዞሩትን ማጥበቂያዎች፣ አጠበቀባቸው። የዛጉትን ሪሞች እዚያው ቀን ብረት ለሚሰበስብ ሰው ጭኖ ወሰደለት። መመለሻ እንኳን አላስቀረልንም።

መኪናዋ እንዴት አማረች መሰለሽ! ሙሽራ ነው የመሰለችው። እማዬ መጀመሪያ የሄደችው ጋሽ ነስሩ ሱቅ ነው። ሽማግሌው ወጡ፣ ከኪሳቸው መሀረብ አወጡና አጎንብሰው ጎማውን ጠረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ እዚያ ፓርክ ባደረገች ቁጥር መሀረባቸውን ይዘው ይወጣሉ። እየጠረጉ «ደህና ናት?» ይላሉ። መኪናዋን ይሁን እትዬ ጥሩዬን አይታወቅም።

ደህና አልነበረችም።

ሰፈር ውስጥ ስትነጂ ምንም የለም። ሀይዌይ ገብተሽ ፍጥነት ስትጨምሪ ግን መሪው እጅሽ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስትታጠፊ ደግሞ ከውስጥ በኩል ሽርርር የሚል ድምፅ። እማዬ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አለች። ጫማ መሰላት።

እኔ አላስቻለኝም። አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ወስጄ ሊንውድ ያለ ጎማ ቤት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት ጎማውን አውርዳ ጠራችኝና ጣቴን መሃሉ ላይ እንዳስገባ አደረገችኝ። ምን መሰለሽ፣ መኪናው ላይ ጎማው የሚቀመጥበት ወጣ ያለ ክብ ብረት አለ። የሪሙ መሃል ቀዳዳ እሱን ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት። የእኛ ግን ሰፍቶ ዙሪያውን ክፍተት አለው። ለካ ቅቤ ይመስል የገባው ለዚህ ነው! ዳዶዎቹን ደግሞ አሳየችኝ። የኛ ዳዶ ጫፉ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ሾጠጥ ያለ ነው፤ የአኮርዱ ሪም ላይ ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ ግን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው። ሾጣጣ ነገር ክብ ነገር ውስጥ ሲቀመጥ የሚነካው ጠርዙን ብቻ ነው። ብታጠብቂውም መንገድ ሲያንቀጠቅጠው ይላላል። ሽርርር የሚለው ደግሞ ጎማው ሰፊ ስለሆነ ወደ ውስጥ ገብቶ ብረት እየታከከ ነው።

«አንዱን ብናስተካክል ሌላው ይቀራል» አለችኝ። «ለዚህ መኪና የሚሆን ፈልጉ። እስከዚያ ሀይዌይ ላይ እንዳትወጡበት፣ ፕሊስ።»

ቤት ስገባ እማዬ አለች፣ አጎቴ ዮናታን ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ነገርኳቸው። ገና ሳልጨርስ ብድግ አለ።

«ጎማ ሊሸጡልሽ ነዋ! የዋህ ልጅ ሲያገኙ ምን ያድርጉ? እኔ ሹፌር ነኝ፣ እንዲህ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

«ጣቴን አስገብቼ አየሁት እኮ አጎቴ!»

«ጣት ይገባል ተብሎ ጎማ ይጣላል?»

እማዬ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አመነችኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ «እሺ፣ እንቀይራለን» አለች። «አሁን ግን አይሆንም። ነገ ረመዳን ይገባል። ጋሽ ነስሩ ያለ ባለቤታቸው የሚጾሙት የመጀመሪያው ረመዳን ነው። በዚህ መሃል የሚስታቸውን ጎማ አውልቄ ልጣል? ዒድ ይለፍና።»

«እማ፣ አንድ ወር ሙሉ?»

«በቀስታ እነዳለሁ።»

«ለምን ዝም ብለን አንነግራቸውም? እኔ ልንገራቸው።»

«ሳሌም!» አለች። በሙሉ ስሜ ስትጠራኝ አለቀ ማለት ነው። «ትንፍሽ ብትይ አንቺና እኔ ተጣላን። ሰውየው ያላቸው እሷ ብቻ ነበረች።»

እና እንዲሁ ሆነ። እማዬ ጠዋት ጠዋት በዝናቡ ተንበርክካ፣ በሥራ ልብሷ፣ ዳዶዎቹን ታጠብቃለች። ማታ ስትመለስ ደግሞ ላልተው ታገኛቸዋለች። ቀኝ ጥግ ይዛ፣ ከኋላዋ ክላክስ እየተነፋባት ሀይዌይ ላይ ትሄዳለች። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ «ደረስኩ» የሚል ቴክስቷን እጠብቃለሁ። ሳይመጣ ሲቆይ መስኮት ጋ እየተመላለስኩ ፓርኪንጉን አያለሁ። ሰው እንዳይከፋው ብላ ራሷን በየቀኑ አሲዛ ትወጣ ነበር፤ ሌላ ምን ልበለው?

ዒድ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ጋሽ ነስሩን ወደ ሶላት የሚወስዳቸው ሰው መኪናው ተበላሸበት። እሳቸው ዓይናቸውን ስለሚያማቸው መንዳት ትተዋል። ሶላቱ ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ኤቨረት ከተማ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። እማዬ ወዲያው «እኔ አደርስዎታለሁ!» አለች። ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተያየን። አስቢው፣ እዚያም ላይ «አልችልም» ማለት ነውር ሆነባት።

በዒዱ ጠዋት እማዬ ዳዶዎቹን ሁለቴ አጠበቀች። ጋሽ ነስሩ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ጭኔ ላይ ሶላት ለወጣ ሰው የሚታደል ቴምር በትሪ ይዤ።

«ዛሬ ጥሩዬ በራሷ ጎማ ታደርሰኛለች» አሉ። ደስ ብሏቸዋል።

ከሀይዌዩ ወደ ኤቨረት መውጫው ጋ ስንደርስ ድምፁ ተለወጠ። ሽርርር አይደለም፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ጋሽ ነስሩ «ወይንዬ፣ ምንድነው?» አሉ። እማዬ ፍሬን ይዛ ወደ መውጫው አጠፈች። ከዚያ በእሷ በኩል መኪናዋ ቁልቁል ወደቀች። አስፋልቱ ላይ ብረት ሲፈጭ ሰማሁ፣ ቴምሩ በሙሉ ጣሪያ ነካ። በመስኮት ሳይ የፊት ጎማችን ብቻውን፣ እያብረቀረቀ፣ ቀድሞን ይሄዳል። የመንገዱን ጠርዝ ብረት በጋሽ ነስሩ በኩል መታነውና ቆምን።

እግዚአብሔር ይመስገን ቀስ ብለን ነበር። ጎማው የሄደበት አቅጣጫ ሰው አልነበረም። እማዬ ምንም አልሆነችም፣ እኔም። ጋሽ ነስሩ ግን ክንዳቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷስ? ሳሌምስ?» ይላሉ። የእሳቸው ክንድ ተሰብሮ የሚጠይቁት እኔን ነው።

ዒዱን ሆስፒታል ዋሉ። ያ ሁሉ ወር ጾመው፣ ያ ነጭ ጀለቢያ እጅጌው በመቀስ ተቀዶ። እማዬ አልጋው አጠገብ ቆማ አወጣችው።

«ጋሽ ነስሩ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጎማው ለመኪናዬ እንደማይሆን አውቅ ነበር።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ረመዳን ሳይገባ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«የእትዬ ጥሩዬ ነው ብዬ። እንዳያዝኑብኝ ብዬ።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በደህናው እጃቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። እንባቸውን ሲጠርጉ ያኔ መጀመሪያ ማየቴ ነው።

«ወይንዬ፣ ጥሩዬ አንቺን ልጅ ነው ያደረገችሽ። ልጇን ገድዬ ጎማዋን ላስቀምጥ ነው? ነገ እሷ ፊት ስቆም ምን ልላት ነበር?» ከዚያ ደግሞ ፈገግ አሉ። «ደግሞ እሷን አታውቂያትም እንዴ? አንድ ጊዜ ጫማ ገዝቼላት ‹ጠቦኛል፣ መልሰው› ብላ እንግዳ ፊት እጄ ላይ አስቀመጠችው። እንደዚያ እየተነጋገርን ነው ያረጀነው። እኔን ማን ነው ብርጭቆ ያደረገኝ?»

በዚህ መሃል አጎቴ ዮናታን እየሮጠ ደረሰ። በር ላይ ቆመ። ያ «እኔ ሹፌር ነኝ» የሚለው ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽ ነስሩ» አለ። «ገባ ብዬ እኮ ነው። ሲገባ ሳይ የገጠመ መሰለኝ።»

«ሌባም ቤት ይገባል፣ ልጄ» አሉት። «ገባ ተብሎ ቤተሰብ ይባላል?»

ነርሷ እስክትመጣ ሳቅን፤ እማዬ ግን እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺም አሮጌ መኪና ካለሽ ይጠቅምሻል። እኔን ይዞኝ የተጣሉ መኪናዎች የሚፈቱበት ግቢ ሄደ። ጭቃ በጭቃ ሆነን እንደ እኛዋ ያለች ካምሪ ፈለግን፤ ስሟ ብቻ ሳይሆን የተሠራችበት ዘመንም የሚመሳሰል፣ ምክንያቱም ያው ስም ያላት መኪና በሌላ ዓመት ሌላ ልክ ሊኖራት ይችላል። የጎማውን መጠን የሹፌሩ በር ስር ከተለጠፈው ጋር አስተያየን። አግኝተንም አጎቴ አልገጠመም! ተሸክሞ ወደዚያች የጎማ ቤት ሴትዮ ወሰደና «እባክሽ እዪልኝ» አላት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እሷ ሪሙ እንዳልተጣመመ አየች፣ መሃሉ ልክክ ማለቱን በእጇ እያንቀሳቀሰች አየች፣ ዳዶዎቹን ለሪሙ ልክ በሆኑት፣ ጎማው ሲወልቅ የተሰበሩትን ብሎኖች በአዲስ ቀየረች፣ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራ ጎማው የትም እንደማይነካ አሳየችን። ያጠበቀችው ደግሞ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ነው፣ በግምት አይደለም። «ጥቂት ቀን ነድታችሁ ተመለሱ፣ እንደገና እናጠብቀዋለን» አለች። ቀኑ ሲደርስ አጎቴ እማዬን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ወሰዳት።

አዲሶቹ ሪሞች አያምሩም። ግራጫ ናቸው፣ አንዱ ተፈግፍጓል። ሀይዌይ ላይ ግን እማዬ በአንድ እጇ ነው መሪ የምትይዘው፤ እኔም ቴክስቷን ሳልጠብቅ እንቅልፌን እተኛለሁ።

የእትዬ ጥሩዬ ጎማዎች እንደገና መኪና ላይ አይወጡም፤ ላልተው ስለተነዱ ቀዳዳዎቻቸው ተበላሽተዋል። ጋሽ ነስሩ አንዱን ሪም ሱቃቸው በር ላይ አጋድመው አፈር ሞልተው ናና ተክለውበታል። መሀረባቸውን እያወጡ አሁንም ይጠርጉታል። አሁን ግን ሱቃቸው የሚመጣ ሰው ላይ ሌላ አመል አምጥተዋል። ለአንድ ሰው ምንም ነገር ሲሰጡ፣ ቴምርም ቢሆን፣ «ይሆንሃል? እውነቱን ንገረኝ፣ አልሰበርም» ይላሉ።

አየሽ የኔ ቆንጆ፣ እኛ ሰው እንዳይከፋ ብለን ስንት የማይሆን ነገር ተሸክመን እንሄዳለን። ይሉኝታ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም፤ ሰው ለሰው የሚያስብበት ነው። ግን ብሎን አያጠብቅም። ጎማ ማን እንደሰጠሽ አያውቅም፣ የሚያውቀው መገጣጠሙን ብቻ ነው። የሚወድሽ ሰው ደግሞ «አይሆነኝም» ስትይው አይሞትም። ስትደብቂው ግን ሊሞት ይችላል፤ እኛው መኪና ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው። የምትሰጪም ከሆነ፣ ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂ። «ይሆንሻል ወይ?» ማለት ስጦታውን አያሳንሰውም።

ይሄን ሁሉ መጀመሪያ የጻፍኩት ለጓደኛዬ ለልዕልት ነው። ልዕልት ቢከን ሂል ነው የምትኖረው። ስንመረቅ ወንድሟ እሴይ ለአሮጌ ኮሮላዋ ትልልቅ ሪም በስጦታ ገጠመላት፤ ከመኪናዋ ጎን ወጣ ብለው ጆሮ ይመስላሉ። ስትታጠፍ ሽርርር ይላል። «ልዕልት፣ ድምፁ አይሰማሽም?» ስላት ሙዚቃውን ትጨምረዋለች። «ሁለት ሥራ ሠርቶ ነው የገዛልኝ፣ ምን ብዬ ልንገረው?» ትላለች። ዛሬ እኛ ቤት ልትመጣ ስለሆነ ትናንት ታሪኩን በሙሉ ላኩላት፣ ናናው ድረስ። አነበበችው። ከዚያ የመለሰችልኝ ይሄውልሽ፣ ቃል በቃል፦

«እሺ በቃ፣ መኪናዋን አላስነሳትም፣ ነገ በባቡር ነው የምመጣው። ለእሴይ ግን አንቺ ንገሪልኝ።»